ቀይ ሆኖ የወጣው ጥቁር ጨሌ

አዴ ቶላሼ ጨርቁን ፈተው ሲያዩ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር፤ ለጩኸት መልስ አይጠፋም። እሳቸው ግን ጨሌውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑና ከመቆለፊያው ጀምረው በአውራ ጣታቸው ዶቃ በዶቃ እየዳሰሱ ሄዱ። መሀል ግድም ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁንም እዚያው ግድም ቆሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና ጨሌውን በሸዋርጋ ሱቅ ባንኮኒ ላይ መለሱት። አልወረወሩትም፤ የሰው ዕቃ እንደሚቀመጥ ቀስ አድርገው አስቀመጡት እንጂ።

«ኬኛ ሚቲ» አሉ። የእኛ አይደለም።

ሸዋርጋ ሳቀች። ሞኝነት ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «አዴ ቶላሼ ደግሞ! የእርስዎ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?» አለች። ከኋላቸው የቆሙት ኦቦ ቀጀላ፣ የሟች ባላቸው ወንድም፣ ሳቋን ሰሙ። እሳቸው ቀልድ አይወዱም፤ የነጋዴ ቀልድ ደግሞ ጨርሶ አይወዱም።

«ጥቁር ሰጥተን ቀይ ተመለሰልን። ይሄ ያስቃል?» አሉ።

ያን ጊዜ ሸዋርጋ ምን እንደሠራች ገባት።

ሸዋርጋ የጉራጌ ልጅ ትባል እንጂ ጉራጌን የምታውቀው ለመስቀል ስትሄድ ብቻ ነው። ተወልዳ ያደገችው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው፤ አፏን የፈታችውም በኦሮምኛ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ተራው ጥግ ያለችው ሱቋ ሦስት ሰው ካስገባች አራተኛው ደጅ ይቆማል። ለሠርግና ለእሬቻ የሚሆን ጌጥ ትሰካለች፣ ያረጀ ክር ትቀይራለች፣ የተበጠሰ ትቀጥላለች። ሀብቷ ሱቁ አይደለም፤ ስሟ ነው። ሰው የእናቱን የአንገት ጌጥ በፌስታል አንጠልጥሎ አምጥቶ፣ ያለ ደረሰኝ ጥሎላት ይሄዳል።

የአዴ ቶላሼ ቤት ጨሌ ደግሞ በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ስሙም «ጨሌ ጉራቻ» ነው፣ ጥቁሩ ጨሌ። የዚያ ቤት ሴት ልጅ እሱን አንገቷ ላይ ሳታደርግ ከእናቷ ደጅ አትወጣም። የሠርጉ ለት ለጋ ቅቤ ይቀባና ይታሰርላታል፤ ሠርጉ ሲያልፍ ወደ እናቷ ተመልሶ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ቅቤና ጭስ፣ እንደገና ቅቤና ጭስ፤ ስንት ሙሽራ እንዳሳለፈ የሚያውቅ የለም። ቤተሰቡ ወንጌል ሲቀበል ጎረቤቱ ሁሉ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ የየራሱን ጨሌ ለእሳት ሰጠ። የአዴ ቶላሼ አማት ግን «ይሄ ጌጥ ነው፤ ለጌጥ የሚሰግድ ካለ እሱ ራሱ ይቃጠል» ብለው ሸሸጉት ይባላል።

አሁን ተራው የመጨረሻዋ ልጅ የአሜን ነው። አዴ ቶላሼ ጨሌውን ለሸዋርጋ ሲሰጡ ያዘዙት አንድ ነገር ነበር፦ ክሩ ስላረጀ ይቀየር። አሜን ግን እናቷ ዞር ሲሉ ተመልሳ መጣች። «ሸዋርጌ፣ በናትሽ እጠቢልኝ። ቬሎዬን ያበላሽብኛል፤ ደግሞም ይሸታል። የቸርች ሰዎችስ ቅቤ የጠገበ ጨሌ አንገቴ ላይ ሲያዩ ምን ይላሉ?» አለቻት። ሸዋርጋ ሙሽራ ለምናኝ እንዴት እምቢ እላለሁ አለችና፣ ለእናትየዋ ሳትነግር፣ ክሩን በጥሳ ዶቃዎቹን ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፈቻቸው። ውሃው ጥላሸት ሆነ። ደፍታ ሌላ ሞላች፤ እሱም ጠቆረ። ደጋግማ አሽታ ስታጥባቸው ከአረፋው ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ብርጭቆ ብቅ አለ። ደስ አላት! በሕይወት ያለ ሰው አይቶት የማያውቅ ቀይ! አዲስ ክር በሰም አሽታ፣ እንደመጣላት ደርድራ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ምስጋና ስትጠብቅ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ራሱ ነው ኦቦ ቀጀላ! ታጥቦ ነው እኮ!» አለች።

«እኔ ነኝ እጠቢው ያልኳት» አለች አሜን ከበሩ ላይ፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንቺ እጠቢ አልሽ እንጂ ለውጪ አላልሽም» አሏት አጎቷ። «ያባቴ እህት የተዳረችበትን ጨሌ አላውቀውም? ጥቁር ነው። ስሙም ጥቁር ነው። አዲስ አበባ ፈረንጅ አሮጌ ጨሌ በውድ ይገዛል ሲባል እኛም እንሰማለን።»

ሸዋርጋ እዚህ ላይ አፏን ብትይዝ ነገሩ በረድ ይል ይሆናል። አልያዘችም። «ኧረ ድሮም ቀይ ነው! አያቴ ገብረመስቀል ይሄንኑ ዶቃ በበቅሎ እየጫኑ አምጥተው ለዚህ አገር ሴቶች የሸጡት ነው። እንዲያውም ትራፊው እዚሁ ጣሳ ውስጥ አለ!» አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እስቲ አምጪው» አሉ ኦቦ ቀጀላ።

አመጣችው። ምን ታድርግ? የዛገ የቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ አባቷ ከአባቱ ወርሶ፣ እሷም ከአባቷ ወርሳ፣ የሚገዛው ስለሌለ መደርደሪያ ላይ የተረሳ። ኦቦ ቀጀላ ክዳኑን አንስተው ባንኮኒው ላይ ገለበጡት። ቀይ ዶቃ ተንከባለለ። ከጨሌው አጠገብ ሲያርፍ የትኛው የየትኛው እንደሆነ የሚለይ ዓይን አልነበረም። ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ «ኧ!» አለ። ሸዋርጋ በገዛ እጇ በራሷ ላይ ማስረጃ አቀረበች።

ኦቦ ቀጀላ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ። ሠርጉ እሑድ ነው። ዋዜማውን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ መርጋም ይኖራሉ። ሸዋርጋ የቤቱን ጨሌ ይዛ ትምጣ፤ ካልሆነ ግን ሙሽራ የዘረፈ ሰው ከዕድር ይፋቃል። «እናትሽ አልጋ ላይ ናቸው አሉ። አስቢበት» ብለው ወጡ። ይሄን ማለት አልነበረባቸውም። አሉት ግን።

አዴ ቶላሼ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሱም። ሸዋርጋን የቆረጣት ይሄ ነው። ያ ክፉ ዓመት፣ መንገድ ተዘግቶ ሰው በሰው የተጠራጠረ ጊዜ፣ አንዳንድ ሰዎች የነጋዴ ሱቅ እያዩ መንሾካሾክ ሲጀምሩ፣ እኚህ ሴት መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው መጥተው የሸዋርጋ ደጅ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ባቄላ እየፈለፈሉ። ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣ እሳቸውም ምንም ሳይሉ። በዚያው ዓመት ነው ልጃቸው ፈየራ በቆሎ ሊጭን አይሱዙውን ይዞ ወደ ጊዳ አያና የወጣው። አልተመለሰም፤ መኪናውም ሬሳውም አልተገኘም። ዕድሩ ድንኳን ልትከል ቢላቸው «ያላየሁትን ልጅ አልቀብርም» ብለው እንቢ አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ለቅሶው አልተቀመጠም። ሸዋርጋ እኚህን ሴት ዘረፈች ተባለች። እናቷ የሚቀብራቸው ማጣታቸው አስፈራት፤ የአዴ ቶላሼ ዝምታ ግን አንገበገባት።

አጠገቧ ሻርፕና ጨርቅ የሚነግደው አብዱ ወሬውን ሰምቶ መጣ። አብዱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሁሉ መላ አለው ብሎ የሚያምን ነጋዴ ነው።

«እቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥቁር አይደል የፈለጉት? ቅቤና ጥላሸት ቀቢውና እናትሽ ወጥ ቤት ጭስ ላይ ስቀይው። ጥቁር ሆኖ ይመለስላቸዋል፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።»

«እና ውሸት ልመልስላቸው?»

«የራሳቸውን ዶቃ በራሳቸው ቅቤ! የቱ ጋ ነው ውሸቱ?»

እውነት ለመናገር ሸዋርጋ አሰበችበት። ማሰብ ብቻም አይደለም፤ ከሱቋ ጀርባ ካለው ቤቷ ጓዳ ገብታ ቅቤ በጣቷ ቆነጠረች፣ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፈገፈገች፣ ከጨሌው አንድ ዶቃ ፈትታ ማሸት ጀመረች። አላማረም። ጫማ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ተናዳ በአውራ ጣቷ አጥብቃ ስታሸው ግን ጣቷ አንድ ነገር አገኘ። ዶቃው ክብ ነው፤ ክሩ የሚገባበት ጫፉ ግን ክብ አይደለም። ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋም ሆኖ ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላል። ቶሎ ብላ ከጣሳው አንዱን አነሳች። የሱ ጫፍ እንደ አተር ድቡልቡል ነው። ሌላ አነሳች፤ ድቡልቡል። ከጨሌው ሌላ ፈታች፤ ጠፍጣፋ፣ ዘመም ያለ፣ ግን ዘመም ያለው በሌላ በኩል።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አያቷ ገብረመስቀል እያሳቁ የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበራቸው። «የወለጋ ሴቶች ጉድ ናቸው! ከስንት አገር ተሻግሮ የመጣውን ዶቃ ይገዙኝና፣ ወንዝ ወርደው በእርጥብ ድንጋይ ሲፈጩት ይከርማሉ። የከፈሉበትን ብርጭቆ ድንጋይ ያስበሉታል!» ይሉ ነበር። ልጅ ሆና ትስቅ ነበር። ሴቶቹ ምን ሲያደርጉ እንደነበር አያቷም አልገባቸውም፤ እሷም እስከዛሬ አልጠየቀችም። ሴቶቹ የባሕር ማዶውን ዶቃ እንደመጣ አልተቀበሉትም። ክር እንዳይታይ፣ ጥርስ ከጥርስ እንደሚገጥም እንዲገጥም፣ እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር አፋጭተው ሞርደውታል። ስለዚህ ያ ጨሌ ተራ አለው፤ ሁሉም ዶቃ የሚገጥመው ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ብቻ ነው። ሸዋርጋ ደግሞ ሳፋ ውስጥ ዘርግፋ እንደ ሽምብራ ደባልቃዋለች።

ከዚያ ወዲያ ሱቋን ከፍታ አልሸጠችም። ዶቃዎቹ እንዳይንከባለሉ ሰፌድ ላይ ጤፍ አፍስሳ እላዩ ላይ አቆመቻቸው። አንዱን ታነሳለች፣ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት ታገናኛለች፣ በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ፀሐይ ታነሳለች። በመሀላቸው ብርሃን ካለፈ ጎረቤት አይደሉም። ሌላ። ብርሃን። ሌላ። አሁንም ብርሃን። ሲገጥም ግን ጣት ያውቀዋል፤ ሁለቱ ዶቃዎች እንደ አንድ ዶቃ ይሆናሉ፣ ብታዞራቸውም እንቢ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ሲገጥሙ አለቀሰች። እናቷ ከጓዳ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ምንም እማዬ፣ ሽንኩርት ነው» አለች፤ ሽንኩርት የሚባል ቤት ውስጥ አልነበረም።

ጥንዱ አራት ሆነ፣ አራቱ ጭብጥ ሞላ፤ ዓይኗ ደም ለበሰ። ዋዜማው ደረሰ። ከአዴ ቶላሼ ግቢ የዕድሩን ድንኳን ካስማ የሚመቱ ልጆች ድምፅ ይሰማል። ሸዋርጋ ሰፌዱን ስታይ ጤፍ ብቻ ቀርቷል፤ ጨሌው በሙሉ ክሩ ላይ ነው። ሙሉው? አነሳችው፣ ወደ ፀሐዩ ዘረጋችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አንድ ቀይ በትር ድፍን ነው። መሀል ግድም ላይ ግን ሁለት ዶቃዎች አይገጥሙም። በመሀላቸው ብርሃን ያልፋል።

አንድ ዶቃ የለም።

ሰፌዱን ጤፉን እየዘገነች ፈተሸች። ሳፋውን ገለበጠች። ያጠበችበትን ውሃ የደፋችበትን ቦይ በማንኪያ ጭቃ ጭቃውን ጫረች፤ መንገደኛው ቆሞ ያያታል። የለም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት አለች በልቧ፤ ከቆሻሻው ውሃ ጋር ደፋሁት። አሁን ልወጣ ነው ስትል ገደሉ ውስጥ ገባች።

አብዱ ምን እንደሆነች ሲያይ ብዙ አልጠየቀም። ከጣሳው አንድ ዶቃ መረጠ፣ የቢላ መሳያ ድንጋዩን አመጣና ውሃ ነክሮ ሁለቱን ጫፎች ሞረደ። ባለሙያ አይደለም፤ እየለካ እየመለሰ ሲሞርደው ግን መጨረሻ ላይ ልክክ አለ። ሸዋርጋ አስገባችው። ወደ ፀሐዩ አነሱት፤ ድፍን። ቆንጆ ሆነ፤ የሚያምር ሙሉ ጨሌ።

«ማን ያውቃል? እኔና አንቺ» አለ አብዱ።

ሸዋርጋ ጨሌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ክሩን ፈታችና ያቺን ዶቃ አውጥታ ጣሳው ውስጥ ጣለቻት።

«አበድሽ?»

«ለውጣለች ሲሉኝ ውሸታቸውን ነው፣ አብዱ። ይቺን ካስገባሁ እውነታቸውን ይሆናል» አለችው። በክፍቱ ቦታ ላይ እንዳይላወስ ክሩን ብቻ ቋጠረች፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችውና ወጣች። ጀግና ሆና አይደለም። መንገድ ላይ ሁለቴ ልትመለስ ዞራ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። አዴ ቶላሼ ከሴቶቹ መሀል ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው መሬት መሬት ያያሉ። ሸዋርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ የመለሱላት የዕድሩ ዳኛ ኦቦ መርጋ ብቻ ናቸው።

«ጥቁሩን አመጣሽ?» አሉ ኦቦ ቀጀላ።

«የቤቱን ጨሌ አምጥቻለሁ። ቀይ ነው። ያለ ፈቃድ አጥቤዋለሁ፤ ይሄ ጥፋቴ ነው። አልለወጥኩም ግን።» አለች። ጣሳውንም አምጥታለችና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ የዶቃዎቹን ጫፍ አሳየቻቸው፤ አሮጊቶቹ በድንጋይ እንደሞረዱት፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ እንደሚገጥም ነገረቻቸው። ኦቦ መርጋ መነጽራቸውን አድርገው ጨሌውን ወደ ድንኳኑ በር ብርሃን አነሱት። ጫፉን ፈትተው ሁለት ዶቃ አቀያየሩ፤ ብርሃን ገባ። ቦታቸው መለሷቸው፤ ብርሃኑ ጠፋ። ደግመው ሞከሩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተሰማ።

ኦቦ ቀጀላ ግን ፊታቸው ይብስ ጠቆረ። «ማለት፣ አያቶቻችን በቅቤ የባረኩት የናንተ ሱቅ ትራፊ ነው? እኛ የሱቅ ዕቃ ነው ስንሸከም የኖርነው?»

እዚህ ቃል ላይ ተሳስቶ የሚያዳልጠው ሰው መነሻ እንደሌለው ሸዋርጋ ታውቃለች።

«ዶቃውን ያያቴ በቅሎ ነው ያመጣው፣ ኦቦ ቀጀላ። ከየት አገር እንደመጣ አያቴም አያውቁም ነበር። ዶቃ ግን ዶቃ ነው፤ ይኸው ጣሳ ሙሉ አለ፣ ማንም አልሰገደለት፣ ማንም አላለቀሰበት። ጨሌ ያደረጉት የእርስዎ አያቶች ናቸው» አለች።

ኦቦ ቀጀላ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ኦቦ መርጋ እጃቸውን አነሱ። ጨሌውን አሁንም ወደ ብርሃኑ እንደያዙት ናቸው። «እዚህ ጋ ግን ያሳልፋል» አሉ። «መሀል ላይ። አንድ ይጎድላል።»

«ይኸው!» ኦቦ ቀጀላ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አንዱን ሸጣዋለች! ሌባ ከነምላሱ!» ካስማ ሲመቱ የነበሩት ወጣቶች መዶሻቸውን እንደያዙ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከደጅ «ውጪ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሸዋርጋ የመውጫውን በር አየች። በሩ በሰው ተዘግቷል።

«ይጎድላል» አለች። «ሳጥብ ከእጄ አምልጦ እንደሆነ አላውቅም። ፈልጌ አጣሁ። ከጣሳው ሞርጄ ልሞላው እችል ነበር፤ ሞልቼውም ነበር፤ ግን አወጣሁት። የፈረዳችሁትን ፍረዱ።»

ያን ጊዜ አዴ ቶላሼ ተነሱ። ማንም አልጠራቸውም። በሽማግሌዎቹ መሀል አልፈው ጨሌውን ከኦቦ መርጋ እጅ ወሰዱ፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመቆለፊያው ጀመሩ። አውራ ጣታቸው ዶቃ በዶቃ ሄደች፤ አሁን አትጠራጠርም፤ መንገዱን የምታውቅ በቅሎ ሆናለች። መሀል ግድም ስትደርስ ቆመች። ክፍቱ ቦታ ውስጥ ገባችና እዚያው ቀረች።

«ኩኑማ» አሉ አዴ ቶላሼ። ይኸው ነው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ። «ፈየራ ወደ ጊዳ አያና ሊወጣ ያለ ለት መንገዱ ክፉ ነው ሲሉኝ፣ ሌሊቱን ተነስቼ ከዚህ አንድ ዶቃ ቆረጥኩ። ጃኬቱ ኮሌታ ውስጥ ሰፋሁለት። እሱም አያውቅም። ወንጌል የተቀበልኩ ሴት ነኝ፤ ለማን እነግራለሁ? ክሩን ሳብኩና ክፍቱን በቅቤ ሞላሁት፤ ሰው አላየም።» ጨሌውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ከዚያ ወዲህ በየማታው እያወረድኩ ይሄን ቦታ ስነካ ነው የማድረው። የኔ ልጅ ያለው እዚህ ነው። ሸዋርጋ ሱቅ ውስጥ ስዳስሰው ቦታው የለም። ቀይ ይሁን ጥቁር ምን ግዴ! ልጄን ነው ያጣሁት።»

ኦቦ ቀጀላ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ግን አላወቁም። ፈየራን በበቅሎ ላይ አፈናጠው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ወደ ሸዋርጋ ሳይሆን ወደ ጣሳው እያዩ «ከዚህ አንዱን ስጪንና ይሞላ፤ ሙሽራ በጎደሎ አትወጣም» አሉ። ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር፤ ከእሳቸው ከዚህ የበለጠ አይጠበቅም።

«አይሞላም» አሉ አዴ ቶላሼ። «በቅቤም አልሸፍነውም። ይታይ።» ከዚያ ወደ ሸዋርጋ መጡ፤ ጨሌውን በያዘው እጃቸው እጇን ጨመቁት። «ሞልተሽው ብትመጪ ኖሮ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እስክሞት ሌባ ናት እል ነበር» አሏት። ሸዋርጋ ጉንጯን እንደ ልጅ በእጇ ጀርባ ጠረገች።

እሑድ ጠዋት አሜን ቀዩን ጨሌ በነጩ ቬሎዋ ላይ አድርጋ ከእናቷ ደጅ ወጣች። ለጋ ቅቤ ተቀብቷል፤ መሀሉ ላይ ግን ባዶውን ክር ማንም ያየዋል። የቸርቹም ሰዎች አዩት፤ ምክንያቱን ማታውኑ ሰምተው ነበርና ምንም አላሉም። ዘፈኑ፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ አቧራው እየራቀ ሄዶ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ጠፋ።

ማታ ላይ ልጆቹ ካስማውን ሊነቅሉ መጡ። ሸዋርጋ ከሴቶቹ ጋር ድስት እያጠበች ነበር። አዴ ቶላሼ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ልጆቹን ለአፍታ አዩዋቸው።

«ዲሳ» አሏቸው። «ተዉት። ድንኳኑ ይቆይ። ነገ ለፈየራ ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

ልጆቹ መዶሻውን አስቀመጡ። ሸዋርጋ እጇን ቀሚሷ ላይ አደራረቀችና ከሱቋ ዱካዋን ልታመጣ ሄደች።